የእህቴ ዋስ ከብልባላ

እናቴ ስለ እኔና ስለ ታላቅ እህቴ ስትናገር የማትሰለቸው አንድ ቀልድ አላት። «ምላሱ ለትልቋ፣ ዝምታው ለትንሿ ነበር የታዘዘው፤ መንገድ ላይ ተቀያይሮ መጣ» ትላለች። ትልቋ ሕግ ተማረች። እኔ ትንሿ አስራ ሁለተኛን ጨረስኩና ማለፊያው ነጥብ ስላልመጣልኝ ላሊበላ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ኮፒ ቤት ወረቀት አባዛለሁ። ዝምተኛዋ ጠበቃ ሆነች፣ ዝም ማለት የማልችለው እኔ ኮፒ አንሺ። ተመስገን ነው፤ ሁለታችንም እንጀራችንን አገኘን።

እህቴ አሁን ውጭ አገር ናት፤ በሕግ ማስተርስ እየተማረች ነው። እንዴት እንደሄደች ሰው ሲጠይቀኝ «በጉብዝናዋ» ብዬ መገላገል እችል ነበር። ጎበዝስ ናት፤ ውጤቷ ግን ጉብዝናዋን አይመስልም። ትራንስክሪፕቷን ኮፒ እንዳደርግላት ያመጣችልኝ ቀን ወረቀቱን በጀርባው ገልብጣ ነው የሰጠችኝ። እኔ ደግሞ የተገለበጠ ነገር አልወድም፤ መለስኩት።

«ኧረ እቴ! ይሄ ሁሉ ሲ ምንድን ነው? ሲ ዘርተሽ ነው?»

«ኮፒ አድርጊ ነው ያልኩሽ፣ አንብቢ አላልኩሽም።»

«ይህችስ? ይህች ዲ ናት እኮ።»

«አውቃታለሁ» አለች።

ምክንያቱን እኛ ቤት ሁሉም ያውቀዋል። አባታችን በሕይወት ሳለ ቄስ ነበር። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍቶ መስማት እንጂ ቀና ብሎ መመለስን አላስተማረንም። ትምህርቱ እኔን አልያዘኝም፤ እሷን ግን አጥብቆ ያዛት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ መምህሩ ሲጠይቅ መልሱን እያወቀች ዝም ትላለች። ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ቆመው በሚከራከሩበት የልምምድ ችሎት መሬት መሬት ስታይ ሰዓቷ ያልቃል። የሕግ ተማሪ ካልተናገረ ማርኩን ከየት ያመጣዋል? ጦርነቱ የበላው ጊዜም አለ። እሱን ግን ምክንያት አድርጋ ስታነሳው ሰምቻት አላውቅም። «እሱ ለሁላችንም ነበር» ትልና ታልፋለች።

ተመርቃ ስትመለስ ለድሆች ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ ቀጠራት። አቅም የሌላት ሴት መሬቷ ሲገፋባት፣ ዛፏ ሲቆረጥባት እህቴ ገጠር ወርዳ ትቆምላታለች። እየወረደች እየወጣች አንድ ነገር ልቧ ውስጥ ገባ። የገጠር ዳኞች የሴቶችን ጉዳይ እንዴት እንደሚያዩ በደንብ አጥንታ፣ ተምራ መመለስ ፈለገች። ያንን የሚያስተምረው ውጭ አገር ነበረ። አመለከተች። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በየተራ መለሱላት። «ማመልከቻሽን በጥንቃቄ ተመልክተነዋል» ብለው ይጀምሩና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የለቅሶ ቤት ማጽናኛ ነው።

የሁለተኛው መልስ የመጣ ቀን አላለቀሰችም። ኮፒ ቤቱ መጥታ የቢሮዋን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ ወዲህ ወዲያ እያንሸራተተች ቆየች።

«አንድ የቀረኝ አለ» አለች። «እሱም ካልሆነ የመጨረሻዬ ነው። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አታንሺብኝ።»

እህቴ ብዙ አትናገርም። ከተናገረች ግን ተናገረች ነው።

ሦስተኛው ዩኒቨርሲቲ ከሌላው ሁሉ ጋር ሥራዋን በቅርብ ያየ ሰው ምስክርነት ይፈልጋል። የቢሮ ኃላፊዋ ገና ተዛውሮ የመጣ ነው፤ ስሟን እንኳ አስተካክሎ አይጠራም።

«ሥራሽን ማን አይቷል?» አልኳት።

ብዙ አሰበች። «ብልባላ ያሉት ዳኛ» አለች።

ዳኛ ያለቻቸው ከላሊበላ ወጣ ባለችው ብልባላ የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። በቀበሌያቸው የማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ሆነው ለዓመታት የድንበርና የዛፍ፣ የከብትና የስድብ ክርክር ዳኝተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለገበያ ላሊበላ ይወጣሉ። መልእክት ላክንባቸው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ በኮፒ ቤቱ በር ጎንበስ ብለው ገቡ።

«ደህና ዋልሽ ልጄ። ያቺ ዝምተኛዋ ናት ጉዳይ አለኝ ያለችው።»

«እህቴ ናት አባባ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ፈቱት። የፍርድ ቤቱ ማኅተም ነው፣ ከነቀለሙ።

«ወረቀቱን አምጪው።»

«ወረቀት የለውም አባባ። የሚጻፈው እዚህ ውስጥ ነው።»

ላፕቶፑን ከላይ አዩት፤ ጎንበስ ብለው ከሥሩም አዩት። «ታዲያ ማኅተሙ የት ያርፋል?»

«ማኅተም አይጠይቁም።»

«ያለ ማኅተም! ምን ዓይነት አገር ነው ልጅቱን የምንልካት?»

ለሳቸው ኢሜይል ከፈትኩላቸው። እንግሊዝኛውን የሚጽፍልን ደግሞ አንድ አስጎብኚ ነበር፤ እንግዳ ሲጠፋ እኔ ዘንድ እየመጣ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል፣ ሻይ ያስመጣል፣ ያወራል። እንግሊዝኛው ውኃ ነው። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና እጁን አፍተለተለ።

«ይበሉ አባባ፣ እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«ልጅቷ የታለች?»

«ቢሮ ናት» አልኩ።

«ጥሪያት።»

አስጎብኚው ቅጹ ላይ ጎነበሰ። «እሷ ባትሰማ ነው የሚሻለው አባባ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ምስክርነቱ በሚስጥር ቢሆን ይመርጣሉ።»

«እሷ በሌለችበት ስለ እሷ ልናገር? ያማ ሐሜት ነው።»

«ሐሜት አይደለም እኮ፣ ድጋፍ ነው።»

«መልካም መልካሙን ብቻ የምናገር ብሆን ደግ ነበር። እኔ የመጣሁት ዋስ ልሆን ነው።»

ይህን ሲሉ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ፤ ደነገጥኩም። በእኛ በኩል በእርቅ ጊዜ ሽማግሌ ፊት ለሰው ዋስ የሚሆን ሰው መጀመሪያ ቆሞ የሰውየውን ነውር ይናገራል። «ቁጡ ነው፣ አውቃለሁ። ቃሉን ያጠፈበት ጊዜ አለ፣ አውቃለሁ። አውቄ ዋስ ነኝ» ይላል። ነገ ሰውየው ቢያጠፋ ዋሱ «ይህን አላወቅሁም ነበር» ብሎ እንዳይሸሽ ነው። ሰውየውም አጠገቡ ቆሞ መስማት አለበት። በልጅነቴ ከቅዳሴ በኋላ ቅጽሩ ሥር ሲደረግ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ግን እርቅና ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ምን አገናኛቸው? ያም ሆኖ ደወልኩላት፤ መጣች። ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆመች።

«ጻፍ» አሉ ዳኛው። ድምጻቸው የችሎት ድምጽ ሆነ። «ይህችን ልጅ የማውቃት በእኔ ችሎት ስትቆም ነው። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጎረቤቷ ባሕር ዛፏን ቆረጠባትና ከሰሰች። ይህች ልጅ ልትከራከርላት መጣች። ተከሳሹ በዕድሜ ትልቅ፣ የተከበረ ሰው ነው። እሱ ሲናገር ይህች አንገቷን ደፋች። ተናገሪ አልኳት፤ አልተናገረችም። ዛፉ የሴትዮዋ መሆኑን እያወቀች ዝም አለች። በዚያን ቀን ለዚያች ሴት ይህች ልጅ ከምትቆምላት ምሰሶ ቢቆምላት ይሻል ነበር።»

የአስጎብኚው ጣት ቆመ። እኔ አልቻልኩም።

«አባባ! ይሄ ክስ ነው እንጂ ምኑ ነው ዋስነት? ውጤቷ ዝቅ ያለ ነው፤ በሱ ላይ ይህን ከጨመሩበት ማን ይቀበላታል? የመጨረሻዋ እኮ ነው!»

አልተቆጡም። ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ በሬ ሲሸጥ አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ሻጩ የሚያነክሰውን እግር በየት በኩል ያቆመዋል?»

«በግድግዳው በኩል።»

«እኔ ሻጭ ነኝ?»

ወደ እህቴ አየሁ። የማሽኑን ክዳን በሁለት እጇ ይዛ አቀርቅራለች። ጆሮዋ ቀልቷል።

«ጻፍ» አሉ እንደገና። «በሚቀጥለው ቀጠሮ ከሁሉ ቀድማ መጣች። በመካከሉ ዛፉ የነበረበት ቦታ ድረስ ሄዳ፣ ሲተከል የነበሩትን ሰዎች አፈላልጋ ጠይቃለች። ገና ነገሩ ሳይጀመር ተነስታ ቆመች። ባለፈው ዝም ያልኩት የእኔ ጥፋት ነው፤ የእኔ ጥፋት በዚህች ሴት ላይ አይቆጠር አለች። በአደባባይ። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወደዚያ ትልቅ ሰው ዞራ፣ አባቴ፣ ይህ የተናገሩት እውነት አይደለም አለችው። ሴትዮዋም ረታች። ተሟጋች ብዙ አይቻለሁ፤ ጥፋቱን ራሱ ተናግሮ ሙግት የጀመረ ግን አላየሁም። ዝምታዋ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቃትም። ይህን አውቃለሁ፤ አውቄ ዋስ ነኝ። ይህን ስናገር እሷም ፊቴ ቆማ ትሰማለች። ብታጠፋ እኔን ጠይቁኝ። ብልባላ ነኝ።»

አስጎብኚው ጽፎ ቀና አለ።

«አሁን ቃሌ ይነበብልኝ» አሉ። በችሎት ምስክር የሰጠው ቃል ተመልሶ እንደሚነበብለት ነው የፈለጉት። አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠረገና የጻፈውን ወደ አማርኛ እየመለሰ ማንበብ ጀመረ።

«ይህች ወጣት በአካባቢው ካሉ የሕግ ባለሙያዎች ሁሉ የላቀች፣ ብሩህ አእምሮ ያላት...»

«ቁም። ይህን ማነው ያለው?»

«እ... ለማሳመር ያህል ነው አባባ። ፈረንጅ እንዲህ ይወዳል።»

«አብያተ ክርስቲያናቱን ስታስጎበኝም እንዲህ እየጨመርክ ነው?»

አስጎብኚው ራሱን አከከ። «አንዳንዴ» አለ።

በሳቅ ፈረስኩ። የጨመረው ሁሉ ወጣ፤ የዘለለው ሁሉ ገባ። እንደገና ተነበበ። ዳኛው ወደ እህቴ ዞሩ።

«ሰማሽ። ይህ ቃል ልክ ነው? የምትቃወሚው አለሽ?»

ዝም አለች። ኧረ በእመቤቴ፣ ዛሬስ ዝም አትበይ እያልኩ በልቤ እለምናለሁ። ቀና አለች።

«እንዳሉት ነው አባባ። ግን...»

«ግን ምን?»

«ምሰሶ ይሻል ነበር የሚለው በዝቷል። ዝም አልኩ እንጂ ጥያት አልሄድኩም። ከሰዓት በኋላ ቤቷ ድረስ ሸኝቻታለሁ።»

ሽማግሌው ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። ሰው ሁሉ የሳቸውን አፍ ያያል።

«ምሰሶው ይሰረዝ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ፈገግ አሉ። «አየሽ? ተከራከረችኝ፤ ረታችኝም።»

መላኪያዋን ምልክት አሳየኋቸውና «ይህችን ይጫኑ አባባ። ማኅተሙ እሷ ናት» አልኳቸው። ማኅተሙን ወረቀት ላይ ከማሳረፋቸው በፊት እፍ እንደሚሉበት፣ የሌባ ጣታቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው እፍ አሉባትና ተጫኑ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እህቴ ኮፒ ቤቱን አስከፈተችኝ። ለማመልከቻው ስለ ራሷ የጻፈችው ሐተታ ነበራት፤ ለብዙ ጊዜ ስታሳምረው የቆየችው። ውጤቷን በሚመለከት አንዲት ቃል የለበትም። ከላይ ጀምራ ሰረዘችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዋሴ የተናገሩትን እኔ ደብቄ እንዴት ይሆናል?»

ውጤቴ ዝቅተኛ ነው ብላ ጀመረች። መልስ እያወቅሁ ዝም እል ነበር፤ ለማን ብዬ መናገር እንደሚገባኝ ያስተማረችኝ ባሕር ዛፏ የተቆረጠባት አንዲት ሴት ናት ብላ ቀጠለች። እንግሊዝኛው ለእኔ እንኳ ገባኝ፤ ያን ያህል ግልጽ ነበር። የድሮው ሐተታ አንዱም አይገባኝም ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ጠሯት፤ በቪዲዮ። ቤታችን ኔትወርክ ስለማይዝ ኮፒ ቤቱን ለቀቅኩላት። እሷ ውስጥ፣ እኔ በሩ ላይ። መታወቂያ ኮፒ ሊያደርግ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ። «መብራት የለም» እላለሁ፤ ከኋላዬ አምፖሉ ቦግ ብሎ። አንዲት እናት «ይህ የሚበራው ታዲያ ሻማ ነው?» አሉኝ። «አዎ እናቴ፣ ትልቅ ሻማ ነው» አልኳቸው፤ ስቀው ሄዱ።

በስንጥቁ አያለሁ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች አሉ፤ አንደኛው ጸጉሩ ጥጥ የመሰለ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ነው። ስለ ሴትዮዋ ጠየቃት። ስለ ዋስ ጠየቃት፤ ዋስ የምትለዋን ቃል እንደምንም አድርጎ ሲጠራት ሰማሁት። እህቴ መለሰች። ከዚያ ሰውየው አንድ ረጅም ነገር ተናገረ፤ አልገባኝም። ሲጨርስ ዝም አለች። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ አብሬው አድጌአለሁ። እጄን በሩ ላይ ጥዬ «በይ» አልኩ ለራሴ። «በይ እታለሜ፣ በይ።»

«ኖ፣ ፕሮፌሰር» አለች።

በቀስታ ነው ያለችው፣ በአክብሮት፣ አንገቷን ትንሽ ሰበር አድርጋ። ግን አለችው። ያንን ትልቅ ሰው፣ ያንን ሽበት፣ በባዕድ ቋንቋ። ከዚያ ሳታቋርጥ አስረዳችው። እኔ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አንድ መንገደኛ ዲያቆን «ምነው፣ ደህና?» አለኝ። «ኖ አለችው» አልኩት። እያየኝ ሄደ።

ተቀበሏት። ወጪዋንም ቻሉላት። በመልሳቸው ላይ ውጤቷ ከሚጠይቁት በታች መሆኑን፣ ግን ስለ ጥፋቷ ከሷም ከዋሷም የሰሙት አንድ ዓይነት በመሆኑ እንዳመኗት ጽፈዋል። እኔ ትክክል ነኝ ብዬ የጮኽኩበት ነገር ሁሉ ስህተት ሆነ፤ እንዲህ ባለ ስህተት ሁልጊዜ ይግጠመኝ። እነዚያን የማላውቃቸውን ሰዎች አመሰግናለሁ፤ የሚያነክሰውን እግር አይተው በሬውን አልመለሱትም። አስጎብኚውንም አመሰግነዋለሁ። ቢያሳምርም፣ ሰርዝ ሲባል ሰርዟል። አሁንም ስልኩን ሲሰካ ስለ መብራቱ አላጉረመርምበትም፤ ማለቴ፣ እንደ ድሮው አላጉረመርምበትም።

እህቴ ከመሄዷ በፊት በነበረው ቅዳሜ እናታችን ድፎ ዳቦ ደፍታ ለዳኛው በእኔ እጅ ላከች። ገበያ መሀል አገኘኋቸው፤ የእህል ጆንያ ላይ ተቀምጠው አረፍ ብለዋል። ዳቦውን አዩት፣ አሸተቱት፣ መለሱልኝ።

«እናትሽን እግዚአብሔር ይስጥልኝ በያት። ዋስ ግን ሳይወርድ አይበላም።»

«እንዴት አባባ? ልትሄድ ነው እኮ፤ አለቀ።»

«ገና ምኑ አለቀ? ዋስነቴ የሚወርደው ቃል የገባችውን ስትፈጽም ነው። ተምራ ስትመለስ። ያኔ ድፎውንም እበላለሁ፣ ጠላም ካለ እጠጣለሁ።»

ዳቦውን ከሻይ ጋር እኔና አስጎብኚው በላነው። እናቴ እስካሁን አልሰማችም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዳኛው ከገበያ በፊት በኮፒ ቤቱ በር ብቅ ይላሉ። ሰላምታው ራሱ ተቀይሯል።

«ወረድኩ?» ይላሉ።

«ገና ነዎት አባባ» እላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን የምነግራቸው ነበረኝ። የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ውጤት ደርሷል፤ እህቴ ፎቶ አንስታ ልካልኛለች። በዚህ ጊዜ አልገለበጠችውም። ዳኛው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ዱላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቆሙ።

«እህ፣ እንዴት ናት?»

ለሌላ ሰው ቢሆን «በጣም አሪፍ» እል ነበር። ለሳቸው ግን በሬ አላሳምርም።

«መካከለኛ ነው አባባ። አንዱ ጥሩ፣ ሁለቱ ደህና፣ አንዱ ለጥቂት የተረፈ።»

«ጥሩው የቱ ነው?»

«ተነስተው የሚከራከሩበት።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከጋቢያቸው ውስጥ በላስቲክ የታሰረች ስልካቸውን አወጡና ዘረጉልኝ።

«በይ ይህችን ሰኪልኝ፤ ከገበያ ስመለስ እወስዳታለሁ» አሉ። «ዳቦው ይቆይ።»